በብርቄ ድድ ውስጥ የቀረችው መርፌ

ላምባ የሚሸት ሰው ከጠፋ ቆየ። ድሮ አሰላ ላይ ሁላችንም ላምባ ላምባ እንሸት ነበር፤ ፀጉራችን፣ ጋቢያችን፣ የምንጠጣው ሻይ ሳይቀር። ባለፈው ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋብን ተከራዬ፣ ያቺ ቀጫጫ መምህርት፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ አመሻሽ ላይ ኩራዝ ለኩሳ በደጄ አለፈች። ጢሱ አፍንጫዬ ሲገባ ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ባልቴት መሆኔን ረሳሁት። የእናቴ ጓዳ መጣብኝ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ፣ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው ቡልኮ፣ ከዚያ ደግሞ የብርቄ የተከፈተ አፍ። የብርቄን አፍ ከላምባ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ይታገሥ። እኔ ወሬ በአቋራጭ አልወድም። ይህን ወሬ ደግሞ አርባ ምናምን ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁና እናንተ ለአንድ ሁለት ገጽ መታገሥ አያቅታችሁም።

ያኔ ላምባ በቢራ ጠርሙስ ስሙኒ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፤ ፓስቲ ከተጨመረበት በአሥራ አምስት። መርፌ ከየመኑ ሱቅ ሁለቷ በአምስት ሳንቲም፣ ያውም በወረቀት ተጠቅልላ። የየመኑ ሱቅ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር፤ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ ምድር ቤቱ ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ወንዶቹ ቤልቦተም ሱሪያቸውን ለብሰው የአሰላን ጭቃ በሱሪያቸው ጫፍ ሲጠርጉት ይውላሉ። እኛም አናንስም፤ ኮንጎ ጫማ በካልሲ አድርገን፣ አጭር ቀሚስ ለብሰን፣ ጉልበታችንን ብርድ እየቆረጠው ሽር እንላለን። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ለፋሽን አይራራም። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ጥሩ ዘፈን ሲመጣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ፈረሱን አቁሞ ያዳምጣል፤ የተሳፈረውም ሰው ዘፈኑ እስኪያልቅ አያጉረመርምም። መንግሥትም ነበረ፣ ስብሰባም ነበረ፣ የሚታሰርም ነበረ፤ እሱን የሚጽፉ ሞልተዋል። እኔ የማስታውሰው የሴቶቹን ሳቅ ነው። ያን ጊዜ ሴት ስትስቅ ድዷ ይታይ ነበር፤ ድዷ ካልጠቆረ ደግሞ ሳቋ ሳቅ አይባልም። ጥርስ ነጭ የሚመስለው ድድ ሲጠቁር ነዋ! ስለዚህ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ሁሉ ድዷን ትወቀራለች። በኛ ሰፈር ወቃሪዋ እናቴ ነበረች።

ውቅራት ምን እንደሆነ ለማያውቅ የዛሬ ልጅ ልንገር። ሰባት መርፌ ጫፋቸው ተስተካክሎ በክር ይታሰራል። ኩራዙ ላይ ገል ይደፋና ገሉ ላይ የያዘው ጥላሸት ተፍቆ ይሰበሰባል። ድዱ ላይ ጥላሸቱ ይቀባና በመርፌዎቹ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ ደም ይመጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ጠቅ ጠቅ። ማደንዘዣ? ወይ ማደንዘዣ! ማደንዘዣው የሴቶች ዘፈንና እልልታ ነው። እነሱም ቢሆኑ ጓዳ አይገቡም፤ የሰው ዓይን ቁስሉን ያመረቅዘዋል ስለሚባል ከመጋረጃው ወዲያ እልፍኝ ተቀምጠው ነው የሚዘፍኑት። ጓዳ የሚገቡት ወቃሪዋና ራስ ያዧ ብቻ ናቸው። የልጅቷም ዓይን መርፌውን አይታ እንዳትሸሽ በገዛ ነጠላዋ ይታሰራል። ካለቀሰች ጉድ ፈላ! «ይቺ ምን ባል ቤት ትቀመጣለች!» ይላሉ፤ እስክታረጅ ስሟ አልቃሻ ነው። እኔ አልቅሼ ነበር። የወቃሪዋ ልጅ በገዛ እናቷ እጅ «እምዬ!» ብላ ጮኸች ተብሎ የሰፈሩ ሴት ዓመት ሙሉ ሳቀብኝ። ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ሳይቀሩ አፋቸውን ይዘው «እምዬ! እምዬ!» ይሉኝ ነበር። አሁን አንዳቸውም በሕይወት የሉም፤ ነፍስ ይማር ለማለት ግን አሁንም ይተናነቀኛል።

ብርቄ ጎረቤቴ ናት፤ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። ስትስቅ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ አፏን ቧ አድርጋ ከፍታ ነው፤ ጥርሷ ግጥም ያለ፣ የወተት አረፋ። ጋሪ ነጂዎቹ «ብርቄ፣ አንዴ ሳቂልንማ ፈረሱ ይነሳ!» ይሏታል፤ እሷም አትሰስትም፣ ትስቅላቸዋለች። ከጎኗ እኔ ስሄድ አለሽ ወይ የሚለኝ አልነበረም። ቀናሁባት ወይ? ቀናሁ እንጂ! የማትቀና ሴት ካለች መቃብር ውስጥ ያለች ናት። ከዚያ አንድ የአቦምሳ እህል ነጋዴ፣ ባለ ጭነት መኪና፣ አሰላ ስንዴ ሊጭን መጥቶ ሳቋን ሰማና ሽማግሌ ላከ። ሠርጉ ሲቃረብ ድዷን እንድትወቀር ወደ እናቴ አመጧት። ራስ ያዧ እኔ ነበርኩ።

እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ መድከም ጀምሯል። የታችኛውን ድድ ጨርሳ ቀና ስትል ዓይኗን በክንዷ አሸች። «ላይኛውን ለኔ ተዪልኝ» አልኳት በሹክሹክታ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ልጅ አስጨርሳኛለችና መርፌዎቹን ሰጥታኝ እሷ ራስ ያዘች። ብርቄ ዓይኗ ታስሯል፤ እጅ መቀያየሩን አላወቀችም። አላለቀሰችም። ትንፍሽ አላለችም! ሹሩባ እንደምትሠራ ሰው እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ «ጀግና! የጀግና ልጅ!» እያሉ ያቀልጡታል። እናቴ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ሕግ ነበር፤ አንድ ዙር በጨረስሽ ቁጥር የመርፌዎቹን ጫፍ ቁጠሪ። አልቆጠርኩም። እውነቱን ልናገር፣ ምን ቀረኝ፤ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት «እምዬ»። ጠቅ ማድረግ ሲገባኝ ወጋኋት፤ በግራ በኩል ከክራንቻዋ ሥር፣ አጥንቱ እስኪሰማኝ። ቀጭ አለ። ብርቄ እግሯን ዘረጋችና መልሳ አጠፈችው፤ ድምፅ ግን የለም። ጥላሸት ደርቤ ቀባሁበትና ዙሩን ጨረስኩ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ መርፌዎቹን በአመድ ስትፈትግ አንዷን አጭር ሆና አገኘቻት። ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ምንጣፉን አራገፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሂጂ ንገሪያት። ሳያብጥባት ይወጣል» አለችኝ።

«መሬት ወድቃ ይሆናል።»

«ሙሉ፣ መሬት አልወደቀችም።»

«ከነገርናት ማን ልጁን ሊያስወቅር ያመጣልሻል? እንጀራችን እኮ ነው እማዬ!»

ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እንጀራ ሲባል መርፌዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች። እኔም ዝም አይነቅዝም አልኩ በልቤ። ይነቅዛል። ድድ ውስጥ ሲሆን እንዲያውም መግል ይቋጥራል።

የተወቀረ ድድ በሳምንቱ እብጠቱ ይጎድላል፤ የብርቄ ግን ቀኙ ጎደለና ግራው ቀረ። ግማሽ ፊቷ አብጦ በዓይነ ርግብ ተሸፍና ተዳረች። አቦምሳ ወረደች፤ ቆላው ደግሞ ቁስል አይወድም። በሦስተኛው ዓመት ባልየው «አፏ ይሸታል» ብሎ ከነልጇ በዚያው ጭነት መኪና መልሶ አሰላ አራገፋት። ከመኪናው ላይ ልጁን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አልቅሼላታለሁ፤ እንባዬም የውሸት አልነበረም። ሰው ሆኖ ሁለት ልብ የሌለው የለም።

«ጥርስሽ ነው፤ ይነቀል» ያልኳት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ ጥርስ የሚነቅለው ድሬሰር ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጉጠቱ ሲገባ ራሷን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ልምዱ ነበረኝ። ክራንቻዋ ወጣ። ነጭ፣ ጤነኛ፣ አንድ ነቁጥ የሌለበት ጥርስ! ድሬሰሩ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠ «ይሄ ደግሞ ምን ሆነና?» አለ። ሕመሙ ሁለት ወር ተወት አደረጋትና ተመለሰ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አስነቀልናት። ሦስተኛውን ጎበሳ ድረስ በአውቶቡስ ሄደን ነው፤ የጎበሳው ሰውዬ እጁ ቀላል ነው ተብሎ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ ደም በጨርቅ እየተፋች፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር ሙልዬ» ትለኝ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው የጎበሳ መንገድ ስንዴ ሊታጨድ ደርሶ ወርቅ መስሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስንዴ ከዚያ ወዲህ ያየሁ አይመስለኝም። በአምስተኛው ዓመት ከላይ በግራ በኩል ጥርስ የሚባል አልቀራትም። ከዚያ ወዲህ ብርቄ አፏን በመዳፏ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም። ጋሪ ነጂዎቹም ተዉአት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁሉም ሰው ፊደል ይቁጠር ተባለ። በየቀበሌው አዳራሽ ከሥራ መልስ ባልቴቱም ጎረምሳውም አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ሀሁ ይላል፤ እኔም ተምሬ ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ብርቄ ጉንጯን በሻሽ ጠምጥማ ሁለት ሳምንት መጣችና ቀረች። «ፊደሉን ትክ ብዬ ሳየው ፊቴን ይወጋኛል» አለች። መምህሩ ሰነፍ ነሽ ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። እኔም ሳቅኩ፤ ሁሉም ሲስቅ ለብቻ አለመሳቅ ከባድ ነው። ይህን ያለ ፍርሃት የምጽፈው እንግዲህ ለዚህ ነው። ብርቄ ማንበብ አትችልም።

እንጀራችን ያልኩትም ነገር ዕድሜ አልነበረውም። የተማሩት ልጆች ጥቁር ድድ ኋላቀርነት ነው አሉ፤ ቀጥሎ ያልተማሩትም አሉ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የእናቴን ደጅ የሚረግጥ ጠፋ። እሷም አልጋ ያዘች። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ «ለብርቄ ነገርሻት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ይቅር ብያታለሁ አለች።»

እናቴ ፊቷ በራ። እፎይ ብላ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከኔ ይልቅ ደረቷን የደቃችው ብርቄ ናት፤ ከዚያም በየዓመቱ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ጧፍ ይዛ መቃብሯ ላይ ትሄድ ነበር። እኔ ወገቤን ያመኛል እላለሁ።

አምና ሕመሙ ባሰባት። አሁን ጥርስ ተብሎ የሚሳበብበት የለም። ፊቷን ውሃ ሲነካት ትጮሃለች፤ ንፋስ እንኳ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። እዚህ አሰላ ያየት ሐኪም «የፊት ነርቭ ይመስላል፤ ምክንያቱን ለማየት ኤም አር አይ ትነሳ» ብሎ ወደ አዳማ ጻፈላት። ልጇ ሐዋሳ ነው ሥራው፤ በስልክ «እትዬ ሙሉ፣ አደራ እርስዎ ይሂዱላት» አለኝ። እኔ ካልሄድኩ ማን ሊሄድላት ነው? በሚኒባስ ወረድን። ዴራ ስንደርስ ጋቢያችንን አውልቀን ጭናችን ላይ አጠፍን። ብርቄ ደስ ብሏት ነበር፤ አዳማን ካየች ስንት ዘመኗ! ሻሽ አዲስ አስራለች። የመንገድ ዳር ሐብሐብ እያየች «ስንመለስ እንግዛ፤ ሐብሐብ ጥርስ አይጠይቅም» ትላለች።

የምርመራ ቤቱ ባለሙያ ጀማል የሚባል የኢተያ ልጅ ነው፤ የአርሲ ሰው መሆናችንን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠን። አንድ ወረቀት ይዞ ብርቄን መጠየቅ ጀመረ። «እናቴ፣ ይሄ ማሽን ትልቅ ማግኔት ነው። በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? ጥይት፣ ፍንጣሪ፣ በኦፕራሲዮን የገባ ነገር፣ የተሰበረ መርፌ?»

ብርቄ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ኧረ ልጄ! ጥርስ እንኳ የለኝ፣ ብረት ከየት ይመጣል?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ የሚያውቁት አለ?»

የጆሮ ጉትቻዋን፣ የአንገት መስቀሏን፣ የፀጉር ሽቦዋን ሁሉ አውልቃ በመዳፌ አስይዛኛለች። «የለም» አልኩ። አንድ ቃል ነው፤ ለማለት ጊዜም አልወሰደብኝም። ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ። ባውቅም ግን የለም ነበር የምለው። ሰው አንድ ነገር አርባ ዓመት ከዋሸ በኋላ እውነቱ የሚወጣበት በር ይዘጋል።

ከመስተዋቱ ወዲህ ጥግ ላይ ወንበር ሰጡኝ። ብርቄን ጭንቅላቷን በፕላስቲክ ነገር ሸብበው አንሸራተው አስገቧት። ማሽኑ እንደ ጎሚስታ ቤት ይቀጠቅጥ ጀመር። ጥቂት እንደቆየ እጇ ላይ የያዘችው ደወል ጮኸ፤ አከታትላ ነው የጨመቀችው። ጀማል ሮጦ ገብቶ አወጣት። ላብ አጥምቋታል። «ጎተተኝ! ድዴን ከውስጥ አንድ ነገር ወደ ጎን ጎተተኝ!» ትላለች ጉንጯን ይዛ። አረጋግቶ ውጭ አስቀምጦ ውሃ ሰጣትና ብቻውን ተመለሰ። «የተወሰነ ምስል ወስደናል። ይምጡ፣ እናቴ፣ ይዩልኝ» አለኝ።

የብርቄ ጭንቅላት ከጎን እስከ ጎን ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። አንጎሏ፣ ምላሷ፣ የዓይኗ ብሌን። በግራ በኩል ግን ጉንጯ የለም። የእንቁላል ያህል ጥቁር ቀዳዳ ነው ያለው፤ ዳር ዳሩ ያብረቀርቃል፣ ከበላዩ ያለው የዓይኗ ጎድጓዳ ተጣሞ ወደ ታች ተጎትቷል። ደነገጥኩ። «ምን በልቷት ነው?» አልኩት።

«ላይበላት ይችላል። ቆይ ላስረዳዎት» አለ፤ ወሬ የሚወድ ልጅ ነው፣ ሙያውንም ይወዳል። «ሥጋችን አብዛኛው ውሃ ነው። ማግኔቱ ውስጥ ሲገባ ያ ውሃ ድምፅ ይሰጣል እንበል። ማግኔቱን ሆን ብለን ቦታ ለቦታ ትንሽ እናበላልጠዋለን፤ ስለዚህ የምላሱ ድምፅ ሌላ፣ የዓይኑ ድምፅ ሌላ ይሆናል። ማሽኑ ምስሉን የሚስለው ይሄ ድምፅ ከዚህ ቦታ ነው የመጣው እያለ ነው።»

«እሺ።»

«ችግሩ የሰውነት ክፍል ሁሉ ማግኔትን እኩል አይቀበልም። ውሃው፣ ስቡ፣ አጥንቱ፣ አየሩ፣ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን የማግኔት ጉልበት በጣም በትንሹ ይለውጠዋል። ይኸው አፍንጫቸው ውስጥ አየርና ሥጋ ሲዋሰኑ ትንሽ ተጣሟል፤ እሱ የሁሉም ሰው ነው። የቆየ ደም ብረት ስለሚተው ጠቆር ይላል። የብረት ቁራጭ ከሆነ ግን ዙሪያውን በሙሉ ያዛባዋል። አጠገቡ ያለው ሥጋ ድምፁን ይለውጣል፤ ማሽኑ ወይ ሌላ ቦታ ወስዶ ይስለዋል ወይ ጭራሽ ያጣዋል። ሥጋው ጤነኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ምስሉ ላይ ግን የለም።»

«ታዲያ ብረት ከሆነ የእንቁላል ያህል ነዋ?»

«ኧረ በፍጹም! ይሄ ጥቁር የብረቱ ልክ አይደለም፤ ብረቱ የረበሸው ቦታ ልክ ነው። ራሱ ብረቱ የገብስ ፍሬ ላያክል ይችላል።»

አገሩ ኢተያ ነውና በገብስ ለካው።  እናቴ ያን ቀን አጭሯን መርፌ ከደህናዎቹ ጎን አስተካክላ ስትለካ የጎደለው የገብስ ፍሬ ያህል ነበር።

ልጁ አልተወኝም። «ድዳቸው ውቅራት አለበት። ቀለሙ ምን ነበር?»

«የኩራዝ ጥላሸት።»

«ጥላሸት ይህን ያህል አያደርግም። ጥርሳቸው በብረት ተሞልቶ ያውቃል?»

«ጥርስ የለኝም አላለችህም!» ጮህኩበት።

አልተቆጣም። «የጠየቅኩዎት ለክፋት አይደለም። ብረት ከሆነ ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ያወጣዋል። ብረት ካልሆነና ክፉ እጢ ነው ብለው ከጠረጠሩ ግን መንጋጋቸውን ሊከፍቱት ይችላሉ። እናቴ፣ በእውነት ምንም የሚያውቁት የለም?»

በበሩ መስተዋት በኩል ውጭ የተቀመጠችው ብርቄ ትታየኛለች። ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ ጭና፣ እንደ ሕፃን ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። መንጋጋዋን ሊከፍቱት ነው። አፌን ከፈትኩ። «ምንም አላውቅም» አልኩት።

ደግነቱ ልጁ እኔን አላመነም። መጀመሪያ ራጅ ትነሳ ብሎ ወደ ሌላው ክፍል ሰደዳት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራጁን ይዞ እየሳቀ መጣና መብራቱ ላይ ለጥፎ በጣቱ አሳያት። «ይኸው እናቴ! መርፌ ናት! ሌላ ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ!» በላይኛው ግራ መንጋጋዋ አጥንት ውስጥ ቀጭን ነጭ ነገር፣ ጫፏ ሹል፣ አግድም ተጋድማለች።

ብርቄ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በምላሷ ድዷን ከውስጥ ስትዳስስ ጉንጯ ሲነሳ አየሁ። አንድ ሁለት እያለች ጣቷን አጠፈች፤ የተነቀሉ ጥርሶቿን ነው የቆጠረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አለቀልኝ አልኩ። እንዲያውም ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር፤ የተሸከመ ሰው ሸክሙ ሲወድቅበትም እፎይ ይላል።

«ሙልዬ» አለች። እንባዋ ወረደ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና… እናትሽ ናት እኮ።»

እዚያ ላይ መናገር ይቻል ነበር። ልጁ ቆሟል፣ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ኮሪደር ነው፤ ልትገድለኝ አትችልም።

«አዎ» አልኩ። «እማዬ ናት። ዓይኗ ደክሞ ነበር።»

ዓይኗ ደክሞ ነበር የሚለውን ማንም አልጠየቀኝም። ከራሴ ጨመርኩት።

መርፌዋን ከሁለት ሳምንት በኋላ አወጡላት። ንዝረቱ ቀነሰ፤ ግን ነርቩ ለምዶታል መሰል ጨርሶ አልለቀቃትም፣ ብርድ ሲሆን አሁንም ትጮሃለች። ወሬው አሰላን አዳረሳት። ድድ የተወቀሩ ባልቴቶች ሁሉ በምላሳቸው ድዳቸውን ሲዳስሱ ሰነበቱ፤ ጥርሱን ያመመው ሁሉ እናቴን ይረግማል። «እጀ ወርቅ» ትባል የነበረች ሴት ገበያ ላይ ስሟ ሲነሳ ምራቅ ይተፋባታል። እኔን ግን ያዝኑልኛል። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እናት አይመረጥ!» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» እላለሁ። ዘንድሮ ሙት ዓመቷ ሲደርስ ብርቄ ጧፍ ይዛ አልሄደችም። መቃብሯ ላይ የሄደ ሰው የለም።

ከሙት ዓመቷ በኋላ ባለው እሑድ፣ ረፋዱ ላይ፣ ብርቄ ቤቴ መጣች። ፀሐይ ላይ ወንበር አወጣሁላት። አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አደግድጋ እግሬ ላይ ወደቀች፤ ጉልበቴን ያዘች። የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል፣ እንዲህ የወደቀ ሰው ይቅር ለእግዚአብሔር ካልተባለ አይነሳም።

«ምን ሆነሻል? ኧረ ተነሺ!»

«አልነሳም፤ በድዬሻለሁ። ያን ቀን ራጁን ሳይ ለአንዲት ደቂቃ አንቺን ጠርጥሬሽ ነበር። ሙልዬ ትሆን ይሆን፣ እሷም እኮ ጓዳ ነበረች ብዬ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጥርሴ ሲነቀል ራሴን ይዛ የምትቆም፣ አርባ ዓመት ያልተለየችኝን ሴት! አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። አትነግሪኝም ነበር?»

«እነግርሽ ነበር» አልኳት።

«ይቅር በዪኝ።»

ጉልበቴን እንደያዘች ቀና ብላ ታየኛለች፤ አፏን መሸፈን ረስታለች። ባዶው ድዷ እኔ በወቀርኩበት በኩል ዛሬም ጥቁር ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።